ጀልባ ሰሪው ከሶኛል፦ ሽማግሌ፣ ግልግል ዳኛ ወይስ ፍርድ ቤቱ ይጨርሰው?

ባለጀልባው፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባህር ዳር ነኝ፣ ከወደቡ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ሰው አመላልሳለሁ። ህግ የምታውቁ ወይ እንዲህ አይነት ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ ምከሩኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና እዚሁ ከተማ ካለ አንድ የብረታብረት ወርክሾፕ ጋር ተዋውዬ 14 ሰው የምትይዝ ጀልባ አሰራሁ፣ ዋጋ 1 ሚሊዮን 450 ሺህ፣ ላሜራውም ብየዳውም ቀለሙም ከሱ፣ ሞተሩ ከኔ። 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ከፍያለሁ፣ 350 ሺህ ይቀራል። ያልከፈልኩት ብር አጥቼ ወይ ሰው ለመካድ አይደለም። ህዳር መጨረሻ ውሃ ላይ ወረደች፣ ለጥምቀት ሰሞን አሪፍ ሰራች፣ ጥር ማለቂያ ላይ ግን ከኋላ ሞተሩ ከሚታሰርበት ስር የብየዳው መስመር ውሃ ማስገባት ጀመረ። መጀመሪያ ርጥበት ነገር ነው ብለን ናቅነው፣ አንድ ቀን ግን ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ስንመለስ ረዳቴ መንገዱን ሙሉ በጆግ እየቀዳ ሲደፋ ነው የመጣነው፣ እንግዶቹ ጨዋታ መስሏቸው ይስቃሉ እኔ ላብ አጠመቀኝ።

ፎቶና ቪዲዮ በቴሌግራም ላኩለት፣ አምጣት አለ፣ በየዳት፣ ወር ሳትቆይ እዛው ጎኑ ከፈተች። አሁን እሱ የሚለው "ድንጋይ አስመትተሃታል፣ እምቦጭ ውስጥ ገብተህ ሞተሩን እያስጨነቅክ አንቀጥቅጠህ ነው የሰነጠቅካት" ነው። እኔ የምለው ውሉ ላይ 4 ሚሊ ላሜራ ተብሎ 3 ሚሊ ነው የገጠመልኝ። በዚህ ስንነታረክ ሳለን ክስ መሰረተ፣ 350 ሺውን ከነወለዱ ይክፈለኝ ብሎ። መጥሪያው ደርሶኛል፣ መልስ ይዤ የምቀርብበት ቀን ደግሞ ሁለት ሳምንት አይሞላውም።

አሁን ግራ የገባኝ፦ የሱ ጠበቃ ደውሎ "ለምን በሽማግሌ አንጨርሰውም" አለኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ "ውሉ ላይ ሽማግሌ የሚል ካለ ግልግል ዳኝነት ነው፣ ክሱን አስዘጋው" ይላል። ውሉን አይቼዋለሁ፣ "አለመግባባት ቢፈጠር ሁለቱ ወገኖች በሚመርጧቸው ሽማግሌዎች ይታያል" ነው የሚለው፣ ሌላ ምንም የለውም። ባለቤቴ ደግሞ ዳኛ ይፍረደው ብላ ቁርጥ አድርጋለች። ጀልባዋ ቆማለች፣ ሰሞኑን ቱሪስቱም እንደድሮ ባይሆን ለክረምት በዓላት የአገር ልጅ አለ፣ መቆሟ ነው የሚያንገበግበኝ። ሰውዬውንም ቢሆን ነገ ከነገ ወዲያ እፈልገዋለሁ፣ እዚህ አካባቢ ብረት ጀልባ ደህና አድርጎ የሚሰራ ስንት ሰው አለ? የትኛው ይሻለኛል?

ጣና_ማዶ፦

ወንድሜ ሽማግሌ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ። ከየወገን ሁለት ሁለት ሰው፣ አንድ ሰብሳቢ፣ ከተቻለ አንድ ቄስ ወይ የሁለታችሁንም ነፍስ አባት ጨምሩ። ፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ቀጠሮ፣ ደግሞ ቀጠሮ፣ አሸንፈህ እንኳን ይግባኝ አለ፣ አፈጻጸም አለ። እኔ ባለፈው ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ነገር ተጣልተን ሁለት ቅዳሜ ተቀምጠን ጨርሰናል፣ ወጪው ቡናና ምሳ ብቻ ነው።

ሉባንጃ፦

ኧረ ተዉ በናታችሁ፣ ሁሌ ሽማግሌ ሽማግሌ። እኔ ሽርክና ሱቅ ነበረኝ፣ ሸሪኬ ያጎደለችው ገንዘብ በደብተር ተጽፎ ቁልጭ ብሎ እያለ ሽማግሌዎቹ "እህትሽ ናት፣ አንቺም ትንሽ ተይ እሷም ትንሽ ትተው" ብለው ግማሹን አስተዉኝ። ቀሪውን ግማሽም በሶስት ወር ትከፍላለች ተባለ፣ አልከፈለችም። ወረቀት አልተጻፈም ነበራ፣ "በሰው ፊት ቃል ተገባብታችኋል" ነው የተባልነው። ሽማግሌ የሚያስታርቅህ ፀቡን ነው፣ ሂሳቡን አይደለም። አንተ ደግሞ ጉዳይህ የሚሊሜትር ነው፣ 4 ነው ወይስ 3፣ መሃሉን ሶስት ተኩል ነው ብለው ሊፈርዱ ነው?

ጣና_ማዶ፦

ሶስት ተኩል 😂 እሱስ ልክ ነሽ

የሙግት_ሰው፦

ረጅም ነው የምጽፈው ይቅርታ፣ ስራዬ ስለሆነ ነው።

ወንድሜ ከሁሉም በፊት የቀኑን ነገር ላንሳ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በፍትሐብሔር ስነ ስርዓት ህጉ (የ1958ቱ) አንቀጽ 244 ላይ "ጉዳዩ በግልግል የሚታይ ነው" የሚል ክርክር የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ነው። በጊዜው ካላነሳኸው እንደተውከው ይቆጠራል። ዋናውን ጉዳይ ዝም ብለህ መልሰህ ከርመህ ከስድስት ወር በኋላ "ኧረ ውሉ ላይ ሽማግሌ ይላል" ብትል ማንም አይሰማህም። ዳኛ ሲገኝ ተናገር ወንዝ ሲጎድል ተሻገር የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ የአክስትህ ልጅ ያለውን መንገድ ከፈለግከው ከመልስህ ጋር አብረህ ታነሳዋለህ፣ ካልፈለግከው አውቀህ ትተወዋለህ፣ ረስተኸው ግን እንዳያልፍህ።

ትፈልገዋለህ ወይ ወደሚለው ስንመጣ እኔ ባንተ ቦታ ብሆን አላነሳውም። አንደኛ የውልህ አንቀጽ ደካማ ነው። "በሽማግሌ ይታያል" ብቻ ስለሚል ሽማግሌዎቹ ይወስናሉ ነው ወይስ ያስታርቃሉ የሚለው አልተለየም። ግልግል ዳኝነት ቢሆን ኖሮ "ይወስናሉ፣ ውሳኔያቸውም የመጨረሻ ይሆናል" አይነት ነገር ይኖረው ነበር። ዳኛው የእርቅ ሽማግሌ ነው የተባለው ብሎ መቃወሚያህን ውድቅ ቢያደርገው ያተረፍከው መዘግየት ብቻ ነው። ሁለተኛ ቢቀበልህስ? መዝገቡ ይዘጋል፣ ከዛ ገላጋይ ዳኞች መመረጥ አለባቸው። በ1237/2013 የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አዋጅ ቁጥራቸውን ካልተስማማችሁበት ሶስት ናቸው። የሶስት ሰው አበል ማን ሊከፍል ነው? ለ350 ሺህ ብር ክርክር ሶስት ባለሙያ ቀጥሮ ማስቀመጥ የሚያዋጣ አይደለም። ትልልቅ የግንባታ ውል፣ የኢምፖርት ኤክስፖርት ነገር፣ ሚስጥሩ እንዳይወጣ የሚፈልግ ድርጅት፣ ለነሱ ነው የሚመቸው። ሶስተኛ ደግሞ የግልግል ውሳኔ ይግባኝ የለውም፣ ተስማምታችሁ ይኑረው ካላላችሁ በስተቀር። ሰበር አለ፣ እሱም መሰረታዊ የህግ ስህተት ሲኖር ነው፣ ተዋዋዮቹ በስምምነት ሊያስቀሩትም ይችላሉ። የላሜራው ውፍረት ላይ ቢሳሳቱብህ ያ የፍሬ ነገር ስህተት ነው፣ ይዘኸው ትቀራለህ።

ሽምግልናና እርቅ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሰዎች ይቀላቅሉታል። እዛ ማንም አይፈርድብህም። የሚሉህ ካልጣመህ ተነስተህ ትሄዳለህ፣ መዝገብህ ፍርድ ቤት እንዳለ ነው። ስለዚህ ምንም አታጣም፣ ሁለት ነገር ከጠበቅክ። አንዱ፣ መልስህን በቀኑ አስገባ፣ ከመልስህ ጋር የተከሳሽ ከሳሽነት አቅርብ፣ ማለትም በዛው መዝገብ አንተም መልሰህ ክሰሰው (የዳኝነት ክፍያ ይከፈልበታል፣ ይከፈልበት)። "እየተሸማገልን ነው" ብለህ ቀጠሮ እንዳታሳልፍ፣ የሱ ጠበቃ ደህና ሰው ሊሆን ይችላል ግን የሱ ጠበቃ ነው። ላሜራውን ሰሪው ከራሱ ስላቀረበ ጉዳዩ በሽያጭ ህግ የሚታይ ነው፣ እዛ ላይ ደግሞ ጉድለቱን ለሻጭ ካሳወቅክ በኋላ ያለህ ጊዜ 1 ዓመት ነው። ያቺ የቴሌግራም መልእክት ቀኗ ወሳኝ ነው፣ እንዳታጠፋት፣ ስልክህም ቢሰረቅ እንዳይጠፋ ፕሪንት አርጋት። ሁለተኛው፣ የምትስማሙት ነገር ወደ መዝገቡ ይመለስ። አንቀጽ 274 በማንኛውም የክርክር ደረጃ መታረቅ ይቻላል ይላል፣ ራሳችሁም ብታመጡት ዳኛውም ቢሞክረው። ስምምነቱ ለዳኛው ይቀርባል፣ ህግና ሞራል የሚጻረር ነገር ከሌለው ይመዘግበዋል፣ ከዛ በኋላ አልፈጽምም ቢል እንደ ፍርድ አፈጻጸም ትከፍታለህ። እህታችን ሉባንጃ የገጠማት ችግር ሽማግሌው አይደለም፣ ወረቀቱ አለመኖሩ ነው።

ሉባንጃ፦

ሁለቱም ነው ጋሼ። ወረቀቱ ቢኖርም ግማሹን አስተውኝ ነበር እኮ።

የሙግት_ሰው፦

እሺ እሱ ልክ ነው። ሽማግሌ ተጎጂው ላይ ጫና የሚያደርግበት ጊዜ አለ፣ በተለይ ሴት ስትሆን፣ አይቻለሁ።

ከሸገር፦

እዚህ አዲስ አበባ ፌደራል ፍርድ ቤት እኮ አስማሚ አለ፣ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ይሉታል፣ ክስ ስታቀርብ ወደ አስማሚ ማዕከል ይመሩሃል፣ የሰለጠነ ሰው ነው የሚያነጋግራችሁ፣ አንዴ አብራችሁ አንዴ ለየብቻ እያስገባ። የኔ የኪራይ ጉዳይ በዛ ነው ያለቀው፣ ለየብቻ ሲያስገባኝ "ፍርድ ቤት ብትሄጂ በጣም ጥሩ ቢሆንልሽ ስንት ታገኛለሽ፣ በጣም መጥፎ ቢሆንስ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ እዛች ላይ ነው ሂሳቡ የገባኝ። አንተም እንደዛ ጠይቅ።

የሙግት_ሰው፦

እሱ በ1234/2013 የፌደራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ የመጣ ነው እህቴ፣ ባለጀልባው ያለው ግን በክልል ፍርድ ቤት ነው። ግን ያቺ ጥያቄ የትም ትሰራለች። ለየብቻ የማነጋገሩንም ነገር ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ይቻላል፣ ሁሉን ነገር በጉባኤ ፊት ካልሆነ የሚል ህግ የለም።

ብየዳ_ቤት፦

እኔ ህግ አላውቅም ብረት ነው ማውቀው። ሁላችሁም ሽማግሌ ዳኛ ትላላችሁ፣ ጀልባዋን ያያት ሰው ግን የለም።

ባለጀልባው፣ ላሜራውን በምን ለካኸው? ከላይ ጠርዙን በካሊፐር ከሆነ አይሆንም፣ ጠርዝና ወለል አንድ ላሜራ ላይሆን ይችላል፣ ቀለሙም ከነስቱኮው ከላይ አለ፣ ግጠህ ብረቱ ላይ ነው የሚለካው፣ ወይ ሳይበሳ ውፍረት የሚለካ መሳሪያ አለ። ሁለተኛ ስንጥቁን ተመልከት። ድንጋይ የመታው ቦታ ይሰረጉዳል፣ ቀለሙ ይፋቃል፣ ስንጥቁም ከስርጉዱ ነው የሚነሳው። ንዝረት የሰነጠቀው ግን ስርጉድ የለውም፣ ብየዳውን ተከትሎ ከጠርዙ ጋር ቀጭን መስመር ሆኖ ይሄዳል፣ ፀጉር ነው የሚመስለው፣ አንዳንዴ የዝገት እንባ ይወርድበታል። አንተ እንደምትለው ሞተሩ ከሚታሰርበት ስር ከሆነና ስርጉድ ከሌለው ከኋላው ማጠናከሪያ አልገባለትም ማለት ነው፣ የላሜራው ውፍረት ብቻ ላይሆን ይችላል ችግሩ። እሱ ደግሞ "ከተባለው በላይ ሞተር ገጥመሃል" ሊልህ ይችላል። ውሉ ላይ የሞተሩ ጉልበት ተጽፏል?

ሌላ ደግሞ መጀመሪያ የበየዳት ቦታ ላይ አሁን እንዳትነካ። ሌላ ወርክሾፕ ወስደህ ካስበየድካት ማስረጃውን ራስህ ደፈንከው ማለት ነው።

ባለጀልባው፦

ወንድሜ እግዜር ይስጥህ። አሁን ሄጄ አየኋት፣ ስርጉድ የለም፣ አንተ እንዳልከው ብየዳውን ተከትሎ ቀጭን መስመር ነው፣ ከዛ ጎን የሱ ሁለተኛ ብየዳ አለ ከሱ ጫፍ ነው የቀጠለው። የሞተር ጉልበት ውሉ ላይ 40 ፈረስ ተብሏል የገጠምኩትም 40 ነው፣ ደረሰኙ አለኝ። ላሜራውን የለካሁት ግን ከላይ ጠርዙን ነው...

ብየዳ_ቤት፦

በል እንግዲህ። ወለሉ 4 ሆኖ ከተገኘ በአደባባይ ነው የምታፍረው፣ ከመልስህ በፊት አስለካ።

የሙግት_ሰው፦

ይሄ ሰው ከኔ የተሻለ ነገር ተናገረ። ክርክራችሁ ውስጥ የህግ ጥያቄ የለም ማለት ይቻላል፣ ያለው አንድ የፍሬ ነገር ጥያቄ ነው፣ ጀልባዋ ለምን ተሰነጠቀች። እሱ ሳይታወቅ ሽማግሌ ብታስቀምጡ በግምት መሃል ላይ ይቆርጣሉ፣ ፍርድ ቤት ብትከራከሩም ዳኛው ያው ዞሮ ዞሮ በአንቀጽ 136 ባለሙያ ይያት ነው የሚለው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አዙሩት፣ መጀመሪያ ባለሙያ ከዛ ሽምግልና። ሁለታችሁ የምትስማሙበት አንድ ሰው ምረጡ፣ ያንተም ጓደኛ ያልሆነ የሱም ደንበኛ ያልሆነ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መካኒካል መምህራን አሉ፣ የማሪታይም ማሰልጠኛውም የመርከብ መሃንዲስ የሚያሰለጥነው እዚሁ ከተማችን ነው፣ ሰው አይጠፋም። ከማየቱ በፊት አንድ ገጽ ተፈራረሙ፦ ማን ያያታል፣ ምን ምን ጥያቄ ይመልሳል (የወለሉ ውፍረት፣ የስንጥቁ መነሻ፣ ለማስተካከል የሚያስፈልገው ስራና ዋጋው)፣ ክፍያውን እኩል ትከፍላላችሁ፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት ነው የሚያያት። ሪፖርቱን ትቀበሉታላችሁ ወይስ ለመነጋገሪያ ብቻ ነው የሚለውንም ጻፉት፣ በኋላ የሚያጣላው እሱ ነው። እኔ ለመነጋገሪያ ብቻ ብዬ ነው የምጀምረው፣ ምክንያቱም ውጤቱን አታውቀውም፣ አሁን ከላይ እንዳየነው የለካኸው ጠርዙን ነው።

አጥር_ዳር፦

ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ የኔ ደግሞ የቦታ ክርክር ነው ከወንድሞቼ ጋር፣ የአባታችን ውርስ። በግልግል ዳኛ ማስወሰን ይቻላል?

የሙግት_ሰው፦

አይቻልም። 1237/2013 አንቀጽ 7 ላይ በግልግል ዳኝነት የማይታዩ ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ መሬት ሊዝን ጨምሮ አለ፣ ውርስ አለ፣ ፍቺ አለ፣ ታክስ አለ። ገላጋይ ዳኛ ቢወስንላችሁም ፍርድ ቤት አያስፈጽመውም። ወንድማማች ተስማምቶ መከፋፈል ግን ማንም አይከለክልም፣ ሽማግሌም አስቀምጡ፣ ተስማምታችሁ ጽፋችሁ ለፍርድ ቤቱ አቅርቡት። ዝርዝሩን ሌላ ቦታ ጠይቅ የዚህን ሰውዬ ቤት አንዝረፍበት።

ባለጀልባው፦

ተመለስኩ። መልስና የተከሳሽ ከሳሽነቱን አንድ ጠበቃ ጽፎልኝ ዛሬ ሬጅስትራር አስገብቻለሁ፣ የግልግሉን መቃወሚያ አውቀን ትተነዋል። ወለሉም ተለካ፣ 3 ነው፣ ብየዳ ቤት ሆይ ምሳ አለብኝ። የባለሙያውንም ነገር ለሰሪው ጠበቃ ነግሬው ሰሪው እሺ ብሏል፣ እንዲያውም ድምጹ ለስለስ አለ፣ ላሜራውን ያመጣለት ነጋዴ አታሎት ይሁን ራሱ ይሁን አላውቅም። ሪፖርቱ ከመጣ በኋላ ሶስት ሽማግሌ ይዘን እንቀመጣለን፣ አንዱ ራሱ ጀልባ ያለው ሰው ነው። ባለቤቴም "ከተጻፈ እሺ" ብላለች። አሁን የምጠይቀው ስምምነቱ ላይ ምን ይግባ? እሱ "በነጻ እጠግናለሁ አንተም ቀሪውን ክፈል" ነው የሚለው።

ሉባንጃ፦

"እጠግናለሁ" ምንም ማለት አይደለም!! መቼ? በምን? ካልሆነስ?

የሙግት_ሰው፦

እሷ ያለችውን ነው የምለው። ወለሉ በ4 ሚሊ ይቀየራል ወይስ ማጠናከሪያ ብቻ ይገባል፣ የባለሙያውን ሪፖርት ጠቅሳችሁ ጻፉት። በስንት ቀን፣ ሞተር የማውረዱና የመግጠሙ ወጪ በማን፣ ሲያልቅ ውሃ ላይ ስንት ሰዓት ትሞከራለች፣ ሙከራውን ማን ያያል። 350 ሺውን በአንዴ አትስጠው፣ ስራ ሲጀምር የተወሰነ፣ ሙከራውን ስታልፍ ቀሪው። በቀኑ ካላደረሰ በቀን ይሄን ያህል ይቀነሳል በሉ። ጀልባዋ ቆማ ያጣኸውን ገቢ ትተወዋለህ ወይስ ከቀሪው ላይ ይቀነሳል፣ እሱ ሳይጻፍ ከታለፈ እንደተውከው ነው የሚሆነው። የጠበቃና የዳኝነት ወጪ የየራሳችሁ ይሁን ወይም ተካፈሉት፣ ግን ይጻፍ። የፍርድ ቤቱ ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የሁለታችሁ ሙሉ ስም ከላይ ይግባ፣ አንቀጽ 276 ይጠይቃል። ሽማግሌዎቹ እንደ ምስክር ይፈርሙ፣ "በእርቁ ላይ የተነገረው ባንስማማ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም" የሚለውን ደግሞ ከመቀመጣችሁ በፊት አስፈርም፣ በኋላ ሳይሆን።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ በሱ በኩል የሚፈርመው ጠበቃው ከሆነ ውክልናውን ገልጠህ አንብብ። ለመታረቅ ልዩ ስልጣን ያስፈልጋል፣ በፍትሐብሔር ህጉ ቁጥር 2205። "ይከራከርልኝ" ብቻ የሚል ውክልና ከሆነ ሰውዬው ራሱ መጥቶ ይፈርም።

ባለጀልባው፦

ራሱ ይመጣል፣ ቤቱ ከወርክሾፑ ጀርባ ነው። አመሰግናለሁ ሁላችሁንም።

ብየዳ_ቤት፦

ምሳውን አሳ ጉላሽ አርገው